እጅ ማወዛወዝ ብቻ አይደለም፦ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

መግቢያ

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ኮምቦልቻ ቤተሰቦቼ ጋ በነበርኩበት ሰሞን አንዲት የጎረቤት ልጅ ቤታችን መጣች። አስራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነው። ትንሽ ከተጨዋወትን በኋላ፣ “አንቺ ዩኒቨርሲቲ ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለመሆን ምንድን ነው የሚጠናው? ሰርተፍኬቱንስ ማን ነው የሚሰጠው?” አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ጋዜጠኝነት የምታጠና ሰው ሆኜ በቴሌቪዥን ዜና ጥግ ላይ በትንሿ ሳጥን ውስጥ የሚታዩት ሰዎች ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደተማሩ፣ ማን ፈትኖ እዚያ እንዳቆማቸው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ልጅቷ ግን የምትጠይቅበት ምክንያት አላት። እናትና አባቷ ሁለቱም መስማት የተሳናቸው ናቸው። እሷ ትሰማለች። አፏን ሳትፈታ እጇን ፈታች ማለት ይቻላል። ከልጅነቷ ጀምሮ ወላጆቿ ቀበሌ ሲሄዱ፣ ገበያ ሲወጡ፣ ከአከራይ ጋር ሲነጋገሩ አስተርጓሚያቸው እሷ ነበረች። የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ታመው አንድ ጤና ተቋም ሄዱ። የስኳር በሽታ ሆኖ ተገኘ። የመረመራቸው ባለሙያ ወደ ልጅቷ ዞሮ “ለእናትሽ ንገሪያት” እያለ ሁሉንም ዘረዘረላት። ከዘረዘረው ውስጥ አንዱ፣ እግራቸውን በየቀኑ እንዲያዩ፣ በባዶ እግር እንዳይሄዱ፣ ቁስል ቢወጣ ችላ ካሉት እግር እስከማስቆረጥ ሊደርስ እንደሚችል ነበር።

“ወላሂ ያንን አልነገርኳትም” አለችኝ። “እግርሽ ይቆረጣል ብዬ ለእናቴ እንዴት ልበላት? መድኃኒቱን ዋጪ፣ ይሻልሻል፤ ይህንን ብቻ ነው ያልኳት።”

ዓመት ሳይሞላ የእናቷ እግር ቆሰለ። ለመዳን ወራት ፈጀ። እግዜር ይመስገን ዛሬ ደህና ናቸው። ልጅቷ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ እስከዛሬ በሆዷ ይዛዋለች። አስተርጓሚ መሆን የፈለገችውም ለዚህ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ለእሷ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ነው። መልሱን ስፈልግ ግን ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሦስት ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው ቋንቋውን ማወቅ፣ ሁለተኛው ዲግሪ መያዝ፣ ሦስተኛው ብቃት መረጋገጥ ነው። ብዙዎቻችን ሦስቱን አንድ አድርገን እናያቸዋለን። አንድ አይደሉም።

ቋንቋው ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው

በቅድሚያ መጥራት ያለበት ነገር አለ። የምልክት ቋንቋ አማርኛን በእጅ መሳል አይደለም። በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነትም አይደለም። አሜሪካ የራሱ አለው፣ እንግሊዝ የራሱ አለው፣ እኛም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አለን። እንግሊዝና አሜሪካ የሚናገሩት ቋንቋ አንድ ሆኖ ሳለ የምልክት ቋንቋቸው ግን እርስ በርሱ አያግባባም። ይህ ብቻ የምልክት ቋንቋ ከሚነገረው ቋንቋ የተቀዳ እንዳልሆነ ለመረዳት ይበቃል።

በአገራችን መስማት ለተሳናቸው የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ በመጡ ሚስዮናውያን አማካይነት ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ውስጥ የአሜሪካና የኖርዲክ አገሮች ምልክቶች ተጽዕኖ ይታያል። ነገር ግን ቋንቋው በተማሪዎቹ መካከል፣ በየመኝታ ቤቱና በየሜዳው፣ በኋላም በ1960ዎቹ በተመሠረተው በኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ዙሪያ አድጎ የራሱን መልክ ያዘ።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የጣት ፊደላችን ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል ሃያ ስድስት ስለሆነ ለእያንዳንዱ አንድ የእጅ ቅርጽ መስጠት ይቻላል። የእኛ ግን ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይዘልቃል። ሠላሳ ሦስቱን በሰባት ስናባዛ 231 ይሆናል። ለ231 ፊደል 231 የእጅ ቅርጽ ማን ይችላል? መፍትሔው እጅግ ብልህ ነው። የእጅ ቅርጹ የፊደሉን ዘር ያሳያል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ የትኛው ድምፅ እንደሆነ ይነግራል። “ለ” እና “ሎ” በእጅ ቅርጽ አንድ ሆነው በእንቅስቃሴ ይለያያሉ ማለት ነው። ይህ ከውጭ የመጣ ሳይሆን ፊደላችንን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የፈጠረው ነገር ነው።

ሌላው ፊት ነው። እኛ “መጣ” እና “መጣ?” የምንለውን የምንለየው በድምፃችን ነው። በምልክት ቋንቋ ይህንን ሥራ የሚሠሩት ቅንድብ፣ ዐይን፣ የራስ አቀማመጥ ናቸው። አስተርጓሚዎች ፊታቸውን ሲያጨማድዱና ቅንድባቸውን ሲሰቅሉ አይተን የምንስቅ አንጠፋም። እሱ ትወና አይደለም፣ ሰዋስው ነው።

ይህ ቋንቋ በምሁራን ተጠንቷል፣ እየተጠናም ነው። ለምሳሌ ያህል ኢያሱ ኃይሉ ታመነ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ምሁር ስለ ኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አጠቃቀምና ሰዎች ለቋንቋው ስላላቸው አመለካከት የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2017 በጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። ጋሎዴት ዋሽንግተን የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1864 የተመሠረተ፣ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ነው።

ማወቅ ሌላ፣ ማስተርጎም ሌላ

ታዲያ ቋንቋውን ያወቀ ሁሉ አስተርጓሚ ነው? ራሳችንን እንይ። የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች አማርኛም እንግሊዝኛም እናውቃለን። ነገር ግን አሁን አንዱን ተነስተህ ይህንን የእንግሊዝኛ ዜና እያዳመጥህ፣ ሳታቋርጥ፣ በአማርኛ ንገረን ቢሉት ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይቆማል። ለምን? ማስተርጎም አምስት ሥራ በአንድ ጊዜ ስለሆነ ነው። መስማት፣ የሰሙትን ይዞ መቆየት፣ ቃሉን ጥሎ ሐሳቡን መያዝ፣ በሌላው ቋንቋ ማውጣት፣ ይህንን ሁሉ እያደረጉ ደግሞ የሚቀጥለውን መስማት። ለዚህ ነው በብዙ አገሮች ረዥም ስብሰባ ላይ ሁለት አስተርጓሚዎች ተመድበው በየሃያ ወይም በየሠላሳ ደቂቃው የሚቀያየሩት። አእምሮ ሲደክም ስህተት ይበዛል፤ የሚያሳዝነው ግን አስተርጓሚው ራሱ መሳሳቱን ልብ አይለውም።

ደግሞም ሥራው ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው። ከድምፅ ወደ ምልክት መተርጎም የሚችሉ ብዙዎች ከምልክት ወደ ድምፅ ሲባሉ ይቸገራሉ። ሰው በሚናገረው ቋንቋ ሲገለጽ ብልህም ሞኝም ሊመስል ይችላል። መስማት የተሳነው ሐኪም፣ መምህር ወይም ነጋዴ በሚሰማ ሰው ፊት ምን ያህል አዋቂ ሆኖ እንደሚታይ የሚወሰነው በአስተርጓሚው አፍ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የሚቆም አስተርጓሚ ሁለት ሳይሆን ሦስት ቋንቋ ያስፈልገዋል። መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ በመሃል በአማርኛ ይቀልዳል፣ አስተርጓሚው ሁለቱንም ወደ ምልክት ያመጣል። ከኮምቦልቻ ትንሽ ወረድ ብለን ከሚሴ ብንሄድ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ይጨመራል።

ከዚህም የሚከብድ ጉዳይ አለ። ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ፣ በገጠር ቤተሰብ መካከል ብቻ ያደጉ መስማት የተሳናቸው ሰዎች አሉ። እነሱ የሚግባቡት እናትና እህት ወንድም በፈጠሩት የቤት ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከወረዳ መጥቶ ደሴ ፍርድ ቤት ቢቆም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን አጥርቶ የሚያውቅ አስተርጓሚ እንኳ ላይግባባው ይችላል። በሌሎች አገሮች ለዚህ መላ ተገኝቶለታል። መስማት የተሳነው አስተርጓሚ ይመደባል። እሱ ከባለጉዳዩ ጋር በምልክትና በአካል እንቅስቃሴ ይግባባል፣ የሚሰማው አስተርጓሚ ደግሞ ከእሱ ተቀብሎ ለዳኛው ይናገራል። አስተርጓሚ መሆን የሚችለው የሚሰማ ሰው ብቻ ነው የሚለው ግምትም በዚህ ይፈርሳል።

ዲግሪውን በተመለከተ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራም ከፍቷል። የዲግሪው ስም ራሱ ትምህርት አለው። “ማስተርጎም” አይልም፤ “ቋንቋና ባህል” ነው የሚለው። ይህ የሚነግረን ማስተርጎም ከቋንቋው ዕውቀትና የቋንቋውን ባለቤቶች ከማወቅ ቀጥሎ የሚመጣ መሆኑን ነው። የሚሰሙም መስማት የተሳናቸውም ተማሪዎች አብረው የሚማሩበት መሆኑ ደግሞ ከክፍል ውጭ ያለው ሰዓትም ትምህርት እንዲሆን ያደርጋል። ቋንቋ የሚለመደው ሻይ ቤት ነው ይባል የለ?

አንድ የዘንድሮ ተማሪ ወደዚህ ዓይነት ዲግሪ ለመድረስ የሚያልፍበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አለ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እየተሰጠ መጥቷል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለመግባትም ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆኗል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የራሱን የመግቢያ ፈተና ማዘጋጀት ስለጀመረ ያንንም ማለፍ ያስፈልጋል። ከገቡ በኋላ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የማኅበራዊ ሳይንስ ዲግሪ በጠቅላላው አራት ዓመት ሆኗል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እኛም የምንፈራው የመውጫ ፈተና አለ። ይህ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ተጀምሮ ማንኛውም ተመራቂ ዲግሪውን ለመያዝ ሃምሳ ከመቶ እንዲያመጣ ያስገድዳል።

ሌላው መንገድ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ነው። በዚህ ዘርፍ የሚመረቁ ሰዎች የምልክት ቋንቋ ኮርስ ይወስዳሉ። ነገር ግን ዓላማው መምህር ማፍራት እንጂ አስተርጓሚ ማፍራት አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ኮርስ የወሰደ መምህር በምልክት ሰላም ሊልና ሊያስተምር ይችላል፤ ፍርድ ቤት ቁም ማለት ግን ለእሱም ለባለጉዳዩም ግፍ ነው። በማኅበራትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጡ የጥቂት ሳምንታት ሥልጠናዎችም እንደዚሁ ናቸው። በር ይከፍታሉ እንጂ ቤት አይሠሩም።

ዲግሪ ያለው ሁሉ ብቃቱ ተረጋግጧል?

የጎረቤቴ ልጅ ሁለተኛ ጥያቄ “ሰርተፍኬቱን ማን ይሰጣል?” የሚል ነበር። የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ልብስ ሰፊ ቀሚስ ቢያበላሽ ለባሿ በመስታወት ታየዋለች። ወጥ ጨው ቢበዛበት የበላው ያውቃል። የአስተርጓሚን ስህተት ግን ማን ያየዋል? የሚሰማው ሰው ምልክቱን አያውቅም። መስማት የተሳነው ሰው ድምፁን አይሰማም። ሁለቱም የሚያዩት ግማሹን ብቻ ነው። ሙሉውን የሚያውቀው መሃል ላይ የቆመው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ቢሳሳት ወይም ሆን ብሎ ቢያስቀር ከሁለቱ አንዱም “ተው” ሊለው አይችልም። ብቃቱን ከሥራው በፊት ሦስተኛ ወገን ፈትኖ ማረጋገጥ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ይህ በዓለም ፊት የታየበት ቀን አለ። ኔልሰን ማንዴላ ያረፉ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2013 ጆሃንስበርግ ስታዲየም በተደረገው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማን ጨምሮ መሪዎች ሲናገሩ አጠገባቸው አንድ ሰው ቆሞ በምልክት ሲያስተረጉም ነበር። የሚሰማው ሕዝብ ምንም አልጠረጠረም። መስማት የተሳናቸው ደቡብ አፍሪካውያን ግን ገና ሥነ ሥርዓቱ ሳያልቅ ሰውየው የሚያሳየው ምልክት ትርጉም የለሽ መሆኑን ተናገሩ። በመቶ ሚሊዮኖች እያዩት እጁን አወዛወዘ፤ አንዲት ፊደል አላስተላለፈም። ደቡብ አፍሪካ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ የምልክት ቋንቋዋን አስራ ሁለተኛው የመንግሥት ቋንቋ አድርጋለች።

አሜሪካኖች ሁለቱን ነገር ለይተው ነው የሚያዩት። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች መዝገብ የሚባለው ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1964 ተመሠረተ። ይህ ማኅበር የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የሚሰሙ አመልካቾች ለተግባር ፈተናው ከመቀመጣቸው በፊት የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ዝግጅት እንዲኖራቸው ደነገገ። የገረመኝ ነገር ዲግሪው በማንኛውም የትምህርት መስክ ሊሆን መቻሉ ነው። ታሪክም ይሁን ሒሳብ። ምክንያቱም ከዲግሪው የሚፈልጉት ሰፊ ዕውቀት ነው፤ የማስተርጎም ችሎታውን ፈተናው ይለካዋል። ፈተናው የዕውቀት ክፍልና የተግባር ክፍል አለው። ያለፈውም ሰው ዕድሜ ልኩን በዚያው አይኖርም፤ በየአራት ዓመቱ የተወሰነ ተጨማሪ ትምህርት መውሰዱን እያሳየ ያድሳል።

የእኛን ከዚህ ጋር ስናስተያይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ በቋንቋው ላይ ያተኮረ ዲግሪ አለን፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ጤና ባለሙያ ተመርቆ የሙያ ፈቃድ ፈተና እንደሚወስደው፣ ጠበቃ ፈቃድ ሳያወጣ ችሎት እንደማይቆመው፣ ሾፌር እንኳ መንጃ ፈቃድ እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ አስተርጓሚ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የግድ ተፈትኖ ፈቃድ እንዲይዝ የሚያደርግ አገር አቀፍ አሠራር ሥር ሰዶ አናይም። ከኮምቦልቻ ሐረጎን አልፎ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ነጂ ፈቃድ ይጠየቃል፤ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ የሚያስተረጉም ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው “ምልክት ትችላለህ?” ተብሎ ነው። “እችላለሁ” ካለ በቃ።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ላይ የፍርድ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ለመስማት የተሳነው ሰው በድምፅ የሚካሄድ ችሎት ሁሉ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድ ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 9 አገሮች ሙያዊ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎችን እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። “ሙያዊ” የሚለው ቃል ይሰመርበት። እጁን የሚያንቀሳቅስ ሰው አላለም፣ ዘመድ አላለም።

ስለ ዘመድ ካነሳን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ገና በዚያ ዘመን አስተርጓሚ የሚመረጠው ሰው ምስክር ወይም የተከሳሽ ዘመድ እንዳይሆን ከልክሏል። በአሜሪካ ደግሞ የአካል ጉዳተኞች ሕጋቸውን ለማስፈጸም እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ደንብ አደገኛና ድንገተኛ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግን ይከለክላል። ይህንን ሳነብ ያቺ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ በዐይኔ መጣችብኝ። ሕግ አውጪዎቹ ልጅ ይዋሻል ብለው አይደለም። ልጅ እናቱን ይወዳል፣ የሚወድ ሰው ክፉ ወሬ ይደብቃል ብለው ነው።

ሥነ ምግባሩና እኛ ጋዜጠኞች

የአስተርጓሚ ሥነ ምግባር ሲነበብ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች እንግዳ አይሆንም። የተባለውን ሁሉ ማስተላለፍ፤ አለመጨመር፣ አለመቀነስ፣ አለማሳመር። የሰሙትን ምስጢር መጠበቅ። ወገን አለመያዝ። ከአቅም በላይ የሆነን ሥራ “ይህንን አልችልም” ብሎ መመለስ። የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ከተማ ጥቂት አስተርጓሚ ብቻ ሲኖር እምቢ ማለት ሰውየውን ያለ አስተርጓሚ መተው ይመስላል። ግን ያልገባውን የሚያስተረጉም ሰው ዝም ከሚለው የባሰ ነው። ዝም ያለ ሰው ቢያንስ ክፍተት እንዳለ ያሳያል።

ከእኛ ጋር የሚለያየው አንድ ቦታ ላይ ነው። ጋዜጠኛ ይመርጣል፣ ያሳጥራል፣ ዋናውን ወደፊት ያመጣል። አስተርጓሚ ይህን አያደርግም። ስድብም ከሆነ ስድቡን፣ ክፉ ወሬም ከሆነ ክፉ ወሬውን ያደርሳል።

እግረ መንገዴን ራሳችንንም ልውቀስ። ስለ አካል ጉዳተኞች ዜና ስንሠራ ብዙ ጊዜ የምናናግረው ወንድሙን፣ መምህሩን ወይም የማኅበሩን ሰብሳቢ ነው። ባለጉዳዩ አጠገባችን ቆሞ በምስል ብቻ ይገባል። አስተርጓሚ ይዘን ስንሄድም “እሱ ምን ይላል?” እያልን አስተርጓሚውን እናያለን። ደንቡ ግን ባለጉዳዩን እያየን፣ “አንተ ምን ትላለህ?” ብለን እሱን ራሱን መጠየቅ ነው።

ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ተማሪ

ታዲያ ይህንን ሙያ የሚፈልግ የእኛ አካባቢ ተማሪ ምን ያድርግ? ከላይ ከተዘረዘረው በመነሳት እንዲህ ማጠቃለል ይቻላል።

አንደኛ፣ ከአሁኑ ቋንቋውን ከባለቤቶቹ ይልመድ። ከመጽሐፍና ከቪዲዮ ብቻ የተማረ ሰው ምልክት ያሳያል እንጂ አይግባባም። በአካባቢው መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚሰባሰቡበትን ማኅበር፣ የእምነት ቦታ ወይም ትምህርት ቤት ፈልጎ አብሮ መዋል ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛውን ያጠንክር። የምልክት ቋንቋ የሚፈልግ ሰው የድምፁን ቋንቋ ችላ ማለት የለበትም። ዳኛውና ሐኪሙ የሚናገሩት ካልገባው በእጁ የሚያወጣው ነገር አይኖረውም።

ሦስተኛ፣ ለብሔራዊ ፈተናው ይዘጋጅ፤ ምርጫ ከመሙላቱ በፊትም ዩኒቨርሲቲው በዚያ ዓመት በዘርፉ ተማሪ መቀበሉን ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ይጠይቅ። የምልክት ቋንቋ ዲግሪው ባይገኝ ደግሞ ዓለም አላበቃም። ሕግ ወይም ጤና አጥንቶ ምልክት ቋንቋን በሚገባ የያዘ ሰው ለዚያ ዘርፍ ውድ አስተርጓሚ ይሆናል።

አራተኛ፣ ከተመረቀም በኋላ ልምድ ካላቸው አስተርጓሚዎች ሥር ይሥራ። ከስብሰባና ከሠርግ ይጀምር፣ ፍርድ ቤትና ሆስፒታል የመጨረሻ ይሁኑ። ሥራውን መስማት የተሳናቸው ሰዎች እንዲያርሙት ይጠይቅ። ፈታኝ አካል እስኪጠነክር ድረስ እውነተኛ ፈታኞቹ እነሱ ናቸው።

ማጠቃለያ

ሰርተፍኬት በራሱ ሰውን ቅን አያደርግም። ዲግሪም ቢሆን እጅን አያፈጥንም። ነገር ግን ፈትኖ የሚያረጋግጥ ሥርዓት ሲኖር፣ አንዲት እናት ሆስፒታል ስትገባ “ልጅሽን ይዘሽ ነይ” አትባልም። ሙያተኛው ክፉውንም ደጉንም ይነግራታል፤ ልጇ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብላ እጇን ትይዛለች። የልጅ ሥራ እሱ ነው።

ከእረፍት ወደ ደሴ ከመመለሴ በፊት ለጎረቤቴ ልጅ ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኳት። ዲግሪው የት እንደተከፈተ፣ ፈተናው ስንት እንደሆነ፣ ከዲግሪው በኋላ የሚጎድለው ምን እንደሆነ። በጥሞና ሰማችኝ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጨመርኩላት። “የእናትሽ እግር ጥፋት ያንቺ አይደለም። ያንን ሥራ ላንቺ መስጠት አልነበረባቸውም” አልኳት።

ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ “ይህንን ለእናቴ ልንገራት?” አለችኝ።

“አዎ፤ ግን በዚህኛው ሳታስቀሪ ንገሪያት” አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።